ድንኮቹ እስኪለምዱ

(ፍኖተ ሰላም ከተማ፣ በጥር ወር፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ፤ ባሏ ደረበ ከሞተ ዓመት ያለፋት ልብስ ሰፊዋ ትርንጎና ለሙት ዓመቱ ከገጠር መጥተው የሰነበቱት እናቱ ወይዘሮ አንጓች፣ በዶሮ ቤቱ ውስጥ ትልልቆቹን የፈረንጅ ዶሮዎች ከሦስቱ ድንክ ዶሮዎች የሚለየውን አሮጌ የሽቦ አልጋ ወዲህና ወዲያ ይዘው ይጨቃጨቃሉ።)

አንጓች፦ ልቀቂው አልኩሽ! ዛሬ ይነሣል።

ትርንጎ፦ አይነሣም። እርስዎ ይልቀቁት፤ ኋላ ወገቤን ሊሉኝ ነው።

አንጓች፦ ወገቡ የኔ፣ ሕመሙም የኔ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በአልጋ ሽቦ ሲተያዩ ከረሙ እኮ! ከዚህ በላይ ምን ቀራቸው? ሽማግሌ እንላክላቸው?

ትርንጎ፦ አንድ ሳምንት ይጨመር ነው ያልኩት። አንድ ሳምንት ማንን ገደለ?

አንጓች፦ ባለፈው ሳምንትም አንድ ሳምንት ብለሽ ነበር።

ትርንጎ፦ ባለፈው ሳምንትማ ሊቀመንበሯ በሽቦው አንገቷን አሾልካ ቀዩዋን ድንክ ነቁራታለች። በዓይንዎ አይተዋል።

አንጓች፦ ቆይ ግን፣ ይቺን ወፍራም ሊቀመንበር ያደረጋት ማን ነው? እስቲ የመረጧትን አሳዪኝ።

ትርንጎ፦ ልጅዎ ነው የሾማት። ሌሎቹን ገፍታ ቀድማ ስትበላ ጊዜ፣ ‹‹ይቺ ሊቀመንበር ናት፣ ስብሰባውን ከፍታ ራሷ ትዘጋዋለች›› አለ።

አንጓች፦ እሱማ ያወጣዋል። ስም ማውጣት ይችልበታል… ይችልበት ነበር።

ትርንጎ፦ አዎ። ይችልበት ነበር።

አንጓች፦ በይ እንግዲህ፣ ጀንበሯ ሳትጠልቅ። እኔ ነገ መንገደኛ ነኝ። አንድ ቆጥ ላይ ሲያድሩ አይቼ ልሂድ።

ትርንጎ፦ ነገ ነው እንዴ ያሉት?

አንጓች፦ ትናንት ነገርኩሽ፣ ከትናንት ወዲያም ነገርኩሽ። በጠዋቱ መኪና። አንድ ሰዓት ላይ ይነሣል ብለውኛል።

ትርንጎ፦ ነገ እኮ የሚዘንብ ይመስላል።

አንጓች፦ በጥር?

ትርንጎ፦ ዘንድሮ ሰማዩ አይታመንም።

አንጓች፦ መኪናው ጣሪያ አለው ልጄ። አሁን አንቺ ምን ሆነሻል? ሦስት ቀን ብዬ መጥቼ ሦስት ሳምንቴ! ድንኮቹ ከለመዱ በማግሥቱ እሄዳለሁ ብዬሻለሁ፤ አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት። አሁን የመንደሩ ሰው ምን ይለኛል?

ትርንጎ፦ የትኛው የመንደር ሰው ነው እርስዎን የሚጠብቅ? ቤትዎ ማን አለ?

አንጓች፦ ቤቴ አለ።

ትርንጎ፦ ቤቱ ውስጥ ማን አለ ነው ያልኩት።

አንጓች፦ ቁልፉ እኔ ጡት ሥር ነው፣ ማን ይኖራል? ምናልባት አይጥ ገብታ እንደሆነ። እሷም ዝምታውን ከቻለችው ነው።

ትርንጎ፦ እና ለዝምታው ነው የሚቸኩሉት?

አንጓች፦ የራስ ዝምታ ይሻላል። በሰው ቤት ዝም ስትዪ አኩርፋ ነው ይሉሻል። በቤትሽ ዝም ብትዪ የሚጠይቅሽ የለ።

ትርንጎ፦ እኔ መቼ አኮረፉ አልኩዎ?

አንጓች፦ አላልሽም። ስለ ራሴ ነው የማወራው። እስቲ ያንን እህል ወዲህ በተን አድርጊላቸው፤ ሆዱ የሞላ ዶሮ ጠብ አይፈልግም። እሰይ። እያት ነጯን፣ በሽቦው ሥር አንገቷን ልካ ከነሱ ድርሻ ትለቅማለች። ድፍረቷ!

ትርንጎ፦ በእሷ ቁመት ያ ድፍረት ከየት መጣ?

አንጓች፦ ድንክ ሲባል ሁሉም እንዲህ ነው፤ ቁመቱን ረስቶት ነው የሚኖር። ደረበ ከባሕር ዳር በቅርጫት ይዟቸው የመጣ ዕለት፣ ጫጩት መስለውኝ ‹‹መቼ ነው የሚያድጉት?›› ብዬ ጠየቅሁት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹‹እማዬ፣ እነዚህ አያድጉም። ስለማያድጉ እንደኔ ጥለውሽ አይሄዱም›› አለኝ።

ትርንጎ፦ ይህን ነግሮኝ አያውቅም።

አንጓች፦ ለሚስቱ ምን ብሎ ይነግርሻል? ‹‹እናቴን ብቻዋን ትቻት መጣሁና በዶሮ ደለልኳት›› ይበልሽ? አፍሮ ነው። እኔም ሣቅሁለት። ማታ ሲሄድልኝ ግን ከነሱ ጋር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እውነቱን ልንገርሽ።

ትርንጎ፦ ታዲያ እንዲህ የሚወዷቸውን ምን ብለው ለኔ ሊተዉልኝ ነው?

አንጓች፦ አራት ነበሩ አላልኩሽም? አራተኛዋን ሸለምጥማጥ በላብኝ። እየሰማሁ፣ ስትጮህ እየሰማሁ ነው የወሰዳት። ዓይኔ ሲመሽ አያይልኝም። በትር ይዤ ወጣሁ፣ ከአጥሩ ግንድ ጋር ስደባደብ ቆይቼ ገባሁ። በነጋታው ተነሥቼ፣ ‹‹እነዚህን የልጄን አደራ የሚያይ ዓይን ላለው ሰው ልስጥ›› አልኩ። ከአንቺ ሌላ ሰው የለኝማ።

ትርንጎ፦ ሰው የለኝም ይላሉ፣ ሰው አለችዎት ስል መኪናው አንድ ሰዓት ላይ ነው ይሉኛል።

አንጓች፦ አታጣምሚብኝ። ያዢልኝ እስቲ ቀዩዋን። እግሯ ላይ ክር ቀርቶባታል፣ ልፍታላት።

ትርንጎ፦ ደግሞ ክር! ሊያስሯት ነው እንዳይሉኝ ብቻ።

አንጓች፦ ልፈታ ነው አልኩ እኮ! ማሰሩንማ ያኔ ጨረስኩት። የዚያን ቀን ያሰርኩት ክር ነው፤ ቋጠሮው ላባዋ ውስጥ ገብቶ ሳናየው ቀርቷል። እኛ አገር አዲስ ዶሮ ሲገባ ሦስት ቀን በእግሩ ይታሰራል፣ ቤቱን እንዲለምድ። እናቴም እንዲሁ ስታደርግ አይቻለሁ። ግን ሌላ መንጋ ባለበት ግቢ ማንም አስሮ አያውቅ! እኔ ሞኟ፣ ከእንጨቱ ጋር አስሬ ለሙት ዓመቱ እንጀራ ልቆጥር ገባሁ። መሸሻ አሳጣኋቸው። ትልልቆቹ ነጯን አናቷ ላይ ኩክኔዋን እስኪያደሟት ድረስ…

ትርንጎ፦ ይተዉት እማማ። አልፏል፣ ድኗል።

አንጓች፦ የሷስ ድኗል።

ትርንጎ፦ የማን ያልዳነ አለ?

አንጓች፦ ምንም።

ትርንጎ፦ ይንገሩኝ እንጂ።

አንጓች፦ ‹‹ይቺን ሴትዮ ማን እሰሪ አላት!›› አልሽ።

ትርንጎ፦ እ?

አንጓች፦ ድንኳኑ ውስጥ ዕድርተኛው ሁሉ ተቀምጦ፣ ቄሱም ሳይቀሩ። ‹‹ይቺን ሴትዮ!›› ብለሽ ጮህሽ።

ትርንጎ፦ ሰምተውኛል…

አንጓች፦ ጆሮዬ እንደ ዓይኔ አልሆነም።

ትርንጎ፦ ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህን ይዘው ነው ሳሎን የተኙት?

አንጓች፦ የት ላስቀምጠው ታዲያ?

ትርንጎ፦ እማማ፣ እንደው በደረበ አጥንት ይስሙኝ። እኔ የዚያን ቀን ዶሮዋን አላየሁም። ደሙን ነው ያየሁ። ነጭ ላይ ደም ሳይ ሆስፒታሉ ትዝ አለኝ፣ አንሶላው። ከዚያ ወዲያ ምን እንደጮህኩ አላውቅም። ማን ላይ እንደጮህኩም አላውቅም። ማታ ራስጌዬ ላይ ሆኖ መጣብኝ፤ ‹‹ሰምተውኝ ይሆን?›› እያልኩ አደርኩ። ጠዋት ሲነሡ ‹‹እንዴት አደርሽ ልጄ›› አሉኝ፣ አልሰሙኝም ብዬ ደስ አለኝ። ፈሪ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።

አንጓች፦ ተነሺ፣ ተነሺ! የዶሮ ኩስ ላይ ትንበረከኪያለሽ እንዴ? ቀሚስሽን! ይቅር ብዬሻለሁ፣ ጥንትም ይቅር ብዬሻለሁ። ደግሞ ውሸትም አልተናገርሽ።

ትርንጎ፦ ምኑ ነው እውነቱ?

አንጓች፦ እሱ እያለ እናቱ ነበርኩ። እሱ ሲሄድ ሴትዮ ሆንኩ። ልጅ ወልዳችሁ ቢሆን አያት ነኝ ብዬ ሳሎንሽን እወርሰው፣ ሬዲዮሽንም አስቀንስሽ ነበር። አሁን ምንሽ ነኝ ብዬ ልቀመጥ? አልወቀስኩሽም፣ እግዜር ሳይሰጥ ቀረ። ነገሩን ስነግርሽ ነው።

ትርንጎ፦ እኔስ ምንዎ ነኝ ብዬ ይቀመጡ ልበልዎ? ይህንኑ ሳወጣና ሳወርድ ነው የከረምኩት። ‹‹የልጄን ሚስት ልጦር ነው የመጣሁ?›› ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ እያልኩ።

አንጓች፦ አንቺ ገና ልጅ ነሽ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ምን አላት? ነገ ባል ታገቢያለሽ። የሚመጣው ሰውዬ በሩን ከፍቶ ሲገባ፣ የድሮ ባልሽ እናት ሶፋው ላይ ተጋድማ ስታንኮራፋ! በመጣበት እግሩ ነው የሚመለስ።

ትርንጎ፦ እስካሁን በሩን የከፈተ የለም። አሁን በዚህ ግቢ ያለው ወንድ የእርስዎ ድንክ አውራ ዶሮ ብቻ ነው። ለዚያውም ንጋት ላይ ሲጮህ፣ ጎረቤቴ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ‹‹ከዓመት በኋላ በትርንጎ ቤት የወንድ ድምፅ ተሰማ!›› ብላ ሣቀችብኝ።

አንጓች፦ እና ምን አልሻት?

ትርንጎ፦ ‹‹ድምፁ ነው እንጂ ቁመቱ አይሞላም›› አልኳት።

አንጓች፦ ውይ አንቺ! አፍሽ ጤነኛ ነው፣ ጉንጭሽ ነው የጎደለ። ምግብሽን ለምን አትበዪም?

ትርንጎ፦ ለአንድ ሰው ወጥ መሥራት አልቻልኩበትም። ትንሹ ድስት እንኳ ይበዛብኛል። ሦስት ቀን ያንኑ ሳሞቅ ይሰለቸኛል፣ ከዚያ ለዶሮዎቹ እደፋዋለሁ። እርስዎ ከመጡ ወዲህ ነው ድስቱ በቀኑ የሚያልቀው።

አንጓች፦ እኔ ሆዳም ነኝ አትዪም በግልጽ።

ትርንጎ፦ ይብሉልኝ። ከገበያ ስመለስ በሩን ከፍቼ ‹‹መጣሁ›› የምለው ለማን እንደነበር ያውቃሉ? ለነዚህ። ለሊቀመንበሯ። ‹‹መጣሁ፣ ዛሬ ሁለት ቀሚስ ሰፋሁ›› እላታለሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ትጭራለች።

አንጓች፦ አይ ልጄ…

ትርንጎ፦ አልጋዬ ላይ አብረን እንተኛ ብልዎትም እምቢ አሉኝ።

አንጓች፦ የልጄ ቦታ ላይ? አላደርገውም። አንቺስ በእሱ በኩል ትተኚያለሽ?

ትርንጎ፦ አልተኛም። ዓመት ሙሉ ጠርዙ ላይ ነኝ።

አንጓች፦ አየሽ። እኔም ለመሄድ የቆረጥኩት ለዚያ ነው። አንቺም ሥራ አለብሽ፤ ያ ባለ መስመሩ የፍራሽ ልብስ እንኳ እኔን ስታጫውቺ ሁለት ሳምንት ፈጀብሽ። ባለቤቱ ምን ይልሽ?

ትርንጎ፦ አልቋል። ባለቤቱም አልተቆጣም።

አንጓች፦ እንኳን አለቀ። በይ አሁን እዪ፣ እያት ሊቀመንበሯ ወጣች! ቆጡ ላይ ወጡ፣ ሁሉም ወጡ። ሰዓቱ አሁን ነው። ዶሮ ጀንበር ስትገባ ማየት ይሳነዋል፤ አጠገቡ ማን እንዳደረ የሚያውቀው ጠዋት ነው። አብሮ ካደረ በኋላ ደግሞ ምን ብሎ ይጣላል? ልቀቂው አልጋውን።

ትርንጎ፦ ባይቀበሏቸውስ?

አንጓች፦ ካልተቀበሏቸው እናነሣቸዋለን፣ እዚሁ ቆመናል አይደል? ትርንጎ፣ ልቀቂው የኔ እናት።

ትርንጎ፦ እሺ… ይኸው። ግድግዳው ላይ አስደግፌዋለሁ።

አንጓች፦ ይህንንም አልጋ እኔ ነኝ የገዛሁለት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ይዞ ከቤት ሲወጣ። እግሩ በብረቱ መሃል ይወጣበት ነበር፣ ስለረዘመ። በይ ነጯን አንሺያት። ከላይ አይደለም፣ ጭልፊት መስለሽ ትታያታለሽ! ከሥር፣ ከደረቷ። ክንፏን ሰብሰብ አድርጊ።

ትርንጎ፦ ልቧ ይመታል።

አንጓች፦ የሷ ነው ያንቺ?

ትርንጎ፦ እንጃ። ከጫፍ ላስቀምጣት?

አንጓች፦ ከጫፍ ያደረ ይገፋል። መሃል አስገቢያት።

ትርንጎ፦ ከሊቀመንበሯ ጎን?

አንጓች፦ ከራሷ ጎን። እሷ ዝም ካለች ሌሎቹ ምን አገባቸው? እንዲያ ነው። አሁን ቀዩዋን ከወዲያ። ጎበዝ። አውራውን ስጪኝ፣ እሱን እኔ። ና አንተ ቁመተ ቢስ፣ ዛሬ እንዳትጮህ፣ አደራህን!

ትርንጎ፦ እማማ፣ ሊቀመንበሯ ተነቃነቀች።

አንጓች፦ ዝም በይ።

ትርንጎ፦ አንገቷን አዞረች። ልትነቁራት ነው፣ ላውጣት?

አንጓች፦ እጅሽን ሰብስቢ አልኩሽ። ትንሽ ታገሺ።

ትርንጎ፦ ክንፏን አነሣች…

አንጓች፦ እኔ አይታየኝም፣ አንቺ ንገሪኝ። ምን ሆነች?

ትርንጎ፦ ገባች! እማማ፣ ነጯ ክንፏ ሥር ገባች! ጅራቷ ብቻ ነው የሚታየው።

አንጓች፦ ሊቀመንበሯስ?

ትርንጎ፦ ምንም አላለች። ዓይኗን ከደነች።

አንጓች፦ ምን ትላለች? ለሷም እኮ ይሞቃታል። እሰይ! እሰይ የኔ ልጆች! በይ፣ እኔም ልግባና ጓዜን ልሸክፍ።

ትርንጎ፦ አሁን? ጠዋት አብረው ሲወርዱ ሳያዩ?

አንጓች፦ እነሱ ሲወርዱ እኔ መናኸሪያ ነኝ። አንቺ ታዪልኛለሽ፣ በስልክ ትነግሪኛለሽ።

ትርንጎ፦ ስልክዎ መቼ ተከፍቶ ያውቃል?

አንጓች፦ መብራት በሌለበት ምን ላድርገው? ሲከፈት ትነግሪኛለሽ። ምን ቸገረሽ? ለመዱ እኮ! ያልኩት ሆነ።

ትርንጎ፦ እማማ፣ ጓዙ ይቆይና ይህን አልጋ በዚያ በኩል ይያዙልኝ።

አንጓች፦ አሁን ደግሞ ወዴት?

ትርንጎ፦ ዶሮዎቹ ከእንግዲህ አይፈልጉትም። በውኃ ለቅለቅ አድርጌው ወደ ጓዳ ይገባል። ሽቦ ነው፣ ወዲያው ይደርቃል።

አንጓች፦ ጓዳሽ ምን ቦታ አለው?

ትርንጎ፦ ከመኝታዬና ከስፌት መኪናዬ መሃል ልክ ይገባል። በሜትሬ ለክቼዋለሁ።

አንጓች፦ መቼ ለካሽው?

ትርንጎ፦ ሁለት ሳምንት ሆነው። ስሰፋ ያዩት ባለ መስመሩ የፍራሽ ልብስም የዚህ አልጋ ነው። ስጨርሰው ግን ፈራሁ፤ ድንኮቹ ከለመዱ እሄዳለሁ አሉኝ፣ አልጋው ደግሞ ካልለመዱ አይነሣም። አንድ ሳምንት ይጨመር የምልዎ ለዚህ ነበር።

አንጓች፦ አንቺ ተንኮለኛ!

ትርንጎ፦ ብቻዬን መኖር አቅቶኛል እማማ። የሚሉኝ ይበሉኝ። ልጅ አልወለድንም፣ ሥጋ አይደለንም፣ አውቃለሁ። ግን ደረበ ሲያስነጥስ እንዴት እንደነበር ከእርስዎና ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። እርስዎ ሲሄዱ ለማን ላወራው ነው? ለሊቀመንበሯ?

አንጓች፦ …ሦስቴ ነበር የሚያስነጥሰው።

ትርንጎ፦ አራተኛዋን እየጠበቅን።

አንጓች፦ አራተኛዋን እየጠበቅን፣ አዎ። አይ ልጄን… ባል ስታገቢስ፣ ትርንጎ?

ትርንጎ፦ ከመጣማ ደንቡን ያውቀዋል። ሦስት ሳምንት ከሽቦ ወዲያ እናስቀምጠውና ከእርስዎ ጋር መላመዱን እናያለን።

አንጓች፦ ኧረ በሣቅ ገደልሽኝ! ኧረ ዶሮዎቹን ቀሰቀስሽብኝ!

ትርንጎ፦ በስተግራ በኩል ጎድጎድ ብሏል፣ ይመችዎ እንደሆነ እንጃ።

አንጓች፦ ጉድጓዱን አውቀዋለሁ፣ በግራ ጎኑ ነበር የሚተኛ። ያዢ በዚያ በኩል፣ ቀስ፣ ወገቤን! ራስጌውን ወደ መስኮቱ እናድርገው፣ ጠዋት ሲወርዱ ልያቸው።